ሲመሽ የሚቆራረጠው የግቢ ካሜራ

ሕይወት፦ የዛሬውን ጥያቄ የላኩልን አድማጭ የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ ነው። በግቢያቸው ዙሪያ ስምንት ካሜራዎች አስተክለው በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ይቀርጻሉ። ቀን ቀን ደህና የሚታየው ምስል ሲመሽ ፍሬሙ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የምስል ቁጥር፣ ይወርዳል፤ በበራቸው የሚያልፈው ሰውም የሚራመድ ሳይሆን የሚዘል ይመስላል። ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በምስል ሥራ የሚያግዝ ተጨማሪ ክፍል፣ ልግዛ ወይ ይላሉ። ጋሽ ታደሰ፣ ምን ይመክሯቸዋል?

ጋሽ ታደሰ፦ ገንዘባቸውን ለጊዜው ያቆዩት። ችግሩ ሲመሽ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ካሜራውን እንጂ ኮምፒውተሩን አይደለም። ካሜራ ጨለማ ሲበዛበት በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ አንዱን ምስል ለማንሳት የሰከንድ 1/12 ከወሰደበት ደግሞ፣ ቅንብሩ ላይ 25 ተብሎ ቢሞላም፣ በሰከንድ ከ12 ፍሬም በላይ ሊሰጥ አይችልም። የመንገድ መብራት በሳሳበት ሰፈር ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ሕይወት፦ ታዲያ ይህንን በምን ያረጋግጣሉ?

ጋሽ ታደሰ፦ የካሜራውን አድራሻ በብራውዘር ከፍተው ወደ ራሱ ቅንብር ይግቡና ሸተሩ ከ1/25 በላይ እንዳይረዝም ይገድቡት። ምስሉ ትንሽ ይጨልማል፤ እሱን በር ላይ አንድ አምፖል በመስቀል ማካካስ ይቻላል። እግረ መንገዳቸውን የመብራት ድግግሞሹ 50 ኸርዝ መባሉን ይመልከቱ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በዚያ ስለሚሠራ 60 ላይ የተተወ ካሜራ አምፖል ሥር ምስሉ ይርገበገባል።

ሕይወት፦ ሸተሩ ተስተካክሎም ችግሩ ካልተፈታስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ያን ጊዜ ፍሬሙ የሚጠፋው የት ላይ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃም ይኸው ነው። የአንዱን ካሜራ ምስል፣ ቀረጻውን በማይሠራ ሌላ ላፕቶፕ፣ ለምሳሌ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ፣ በቀጥታ ይክፈቱት። እዚያም ከተቆራረጠ ጥፋቱ የካሜራው ወይም የገመዱ ነው፤ እዚያ ለስላሳ ሆኖ በመቅረጫው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተቆራረጠ ግን ወደ ኮምፒውተሩ እንመለሳለን።

ሕይወት፦ ገመድ ካሉ አይቀር፣ ገመድ ከምሽት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጋሽ ታደሰ፦ ሲመሽ የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት ስለሚበራ ካሜራው የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ኃይሉን በኔትወርክ ገመድ የሚያገኝ ከሆነና ገመዱ ንጹሕ መዳብ ሳይሆን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርድና ካሜራው እየጠፋ ይነሣል። ርካሽ ገመድ ገዝቶ ውድ ካሜራ መስቀል ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም። ርዝመቱም የካሜራዎቹን ገመዶች ከሚያገናኘው ሳጥን፣ ከስዊቹ፣ እስከ ካሜራው ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። በዋይፋይ የተያያዙትን በተመለከተ፣ የሚቻለው ሁሉ ወደ ገመድ ቢዞር ይሻላል።

ሕይወት፦ ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። አድማጫችን አሮጌ ነው ብለዋል።

ጋሽ ታደሰ፦ ዋናው ሥራ እዚህ ነው። እያንዳንዱ ካሜራ 2560 በ1440 ፒክስል ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ ቢልክ፣ ስምንቱ በአንድነት ኮምፒውተሩን በየሰከንዱ 200 ምስል፣ ማለትም ከ730 ሚሊዮን በላይ ፒክስል እንዲፈታ ያስገድዱታል። ምስሉ ኤች 265 በተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የታመቀ ከሆነ ሸክሙ ይብሳል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኤች 265ን ሙሉ በሙሉ በራሳቸው የቪዲዮ ክፍል መፍታት የጀመሩት 6ኛው ትውልድ በወጣበት በ2015 እ.ኤ.አ. ነውና፣ ከዚያ በፊት የተሠራው ማሽን በጉልበቱ ይታገላል። እንዲህ ላለው ማሽን ካሜራዎቹን ለመፍታት ወደሚቀለው የቀድሞ ዘዴ፣ ወደ ኤች 264፣ መመለስ ይበጃል፤ ቀረጻው በዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ይጨምራል።

ሕይወት፦ ካሜራዎቹ ሁለት ዓይነት ምስል ይልካሉ የሚባለው እዚህ ላይ ይጠቅማል?

ጋሽ ታደሰ፦ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ካሜራው ዋናውን ትልቅ ምስልና አንድ አነስተኛ ምስል ጎን ለጎን ይልካል። ስክሪን ላይ ለማየትና እንቅስቃሴ ለመለየት አነስተኛውን ይጠቀሙ፤ ትልቁ ሳይፈታና እንደገና ሳይታመቅ በቀጥታ ወደ ሀርድ ዲስኩ ይጻፍ። ሶፍትዌሩ በምስሉ ላይ ሰዓትና ቀን እንዲጽፍ ከታዘዘ ግን ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ለማመቅ ይገደዳል፤ ሰዓቱን ካሜራው ራሱ ይጻፈው። ለግቢ ጥበቃ ደግሞ በሰከንድ 15 ፍሬም ይበቃል፤ 25 ላይ ሙጥኝ ማለት የእግር ኳስ ጨዋታ ለሚያስተላልፍ ሰው ነው።

ሕይወት፦ አቧራውስ? ቱሉ ዲምቱ በበጋ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል።

ጋሽ ታደሰ፦ ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ ፕሮሰሰሩ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ከፍተው ያጽዱት።

ሕይወት፦ እንግዲህ የግራፊክስ ካርዱ ጉዳይ ቀርቷል።

ጋሽ ታደሰ፦ ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ምሽት ላይ የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ካልተገኘ ካርድ አያስፈልግም። ሶፍትዌሩ ሰውን ከጅብ ለይቶ እንዲያስጠነቅቃቸው ከፈለጉ ግን፣ ያ ሌላ ስሌት ስለሆነ ያን ጊዜ ካርዱን ቢያስቡበት አልቃወምም።