«ፎርማት አድርግልኝ» ሲሉን ምን እንጫን?

እንደምን አረፈዳችሁ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቂሊንጦና ከኮዬ ፈጬ ይህን ያህል የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ሰው በአንድ አዳራሽ ሲገኝ ወሬው የት እንደሚያመራ ይታወቃል። ግማሹ ዊንዶውስ ይላል፣ ግማሹ በነፃ የሚገኘውን ሲስተም ሊኑክስን፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። እኔ በሌላ በኩል ልጀምር። ማሽኑን የምትሠሩላቸው እናት፣ ጸሐፊ ወይም ተማሪ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሲበላሽባቸው ማንን ይጠራሉ? ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሱቅ ያለው ልጅ የሚያውቀው ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ፣ የጫናችሁትን ሊኑክስ ሚንት (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) አጥፍቶ ክራክ የሆነ፣ ማለትም ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ይጭንበታል፤ ፎቶውም ሰነዱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሊኑክስ የሚጭን ሰው ስልክ ቁጥሩን አብሮ ይስጥ፤ ሲደወልለትም ያንሣ።

ጥያቄው አሁን የጠነከረው ዊንዶውስ 10 በፈረንጆች ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ ነው። ለግለሰቦች የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ተመዝግበው ለሚያገኙት ተጨማሪ አንድ ዓመት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በኩል ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው። ሩፉስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍተሻውን አልፎ መጫን ይቻላል፤ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሻሻያ እንደሚልክ ዋስትና አይሰጥም። ኮር ቱ ዱዎ በሚባለው አሮጌ ፕሮሰሰር ላይማ አትድከሙ፤ 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ ያለው ዊንዶውስ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሌለ ትዕዛዝ ስለሚፈልግ ጭራሽ አይነሣም።

«ቀርፋፋ ነው» ብሎ ለሚመጣ ሰው ግን ሲስተሙን ከመንካታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለ 240 ጊጋ ኤስ ኤስ ዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) አስገቡለት፤ ራሙን 4 ጊጋ ከሆነ 8 አድርጉት። የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ የሚፈልገው 1.35 ቮልቱን ራም፣ ዲዲአር ስሪ ኤልን ነው፤ 1.5 ቮልቱን ብትሰኩበት ላይነሣ ይችላል፣ ስትገዙ የራሙን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙዎች «ሊኑክስ ስጭንበት በረረ» የሚሉት አዲስ ዲስክ ላይ ያለን ሚንት ከአሮጌ ዲስክ ላይ ካለ ዊንዶውስ ጋር እያነጻጸሩ ነው። እንዲህ ያለ ውድድር አይቆጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አማርኛው ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ሰው የዓመታት ማመልከቻ፣ ውልና ደብዳቤ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም እያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚያገኝበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባው በፈረንጆች 1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ከዚያ በፊት በተለመዱ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፊደሎቹን ያስቀመጠው በላቲን ፊደላት ቦታ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ታይምስ ቀይሩት። አማርኛነቱ ካልጠፋ ዩኒኮድ ነው፤ ላቲን ከሆነ አሮጌው ነው፣ ቶሎ መልሱት። አሮጌው ከበዛ ሰውዬውን ዊንዶውስ ላይ ተዉት፤ ፋይሎቹ ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጡ።

ዩኒኮድ ከሆነም ሥራው አላለቀም። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ነው፤ ሚንት ላይ የለም። የሚንቱ የጽሕፈት ፕሮግራም ሊብሬ ኦፊስ ሌላ ፎንት ይተካበታል፣ የመስመሩ ስፋት ይለወጣል፣ ሦስት ገጽ የነበረው ውል አራት ይሆናል፣ ፊርማው ብቻውን ማዶ ይቀራል። አቢሲኒካን ወይም ኖቶን ጫኑ፣ ለመጻፊያ ኪይማንን አስገቡ፣ ለኅትመት የሚሄደውን ሰነድ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ፒዲኤፍ እንዲቀይሩ አሳዩአቸው።

ሂሳቡን በፒችትሪ የሚሠራ ነጋዴና አውቶካድ የተባለውን የንድፍ ፕሮግራም የሚማር የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ፕሮግራሞቻቸው ለሊኑክስ ስላልተሠሩ፣ ዊንዶውስ ላይ ይቆዩ፤ እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አላይም። በብሮውዘር፣ በቴሌግራምና በቪዲዮ ለሚያበቃ ሰው፣ ማሽኑም 11ን የማይቀበል ከሆነ፣ ሚንት ይሻለዋል። ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የሚመጣው ሾርትከት ቫይረስ እዚያ ላይ አይነሣም፤ የደበቃቸው ፎልደሮችም በግልጽ ይታያሉ። ቫይረሱ ግን ከፍላሹ ካልጠፋ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ከመጫናችሁ በፊት ፋይሉን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ሚንቱንም ከፍላሽ ሳትጭኑ አስነሡት። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራና ፕሪንተር በዚያው ይፈተኑ። የብሮድኮም ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፤ ስልክ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ዳታ አጋሩና ከድራይቨር ማኔጀር ጫኑት። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102ም ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ፕለጊን ካላገኘ አያትምም፤ ዳታ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

ሁለቱንም ባንድ ማሽን መጫን ለተራ ተጠቃሚ አልመክርም። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአገር ሰዓት፤ ስለዚህ ዊንዶውሱ ሲከፈት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። የእኛና የፈረንጁ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሲደመርበት ሰውዬው ቀጠሮውን የሚያውቅበት ዘዴ የለም። ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ የሚያሳድረው ፋስት ስታርትአፕ ካልጠፋ ደግሞ ሊኑክሱ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ለማንበብ ብቻ ይከፍታል፤ «ፋይሌ አልሴቭ አለ» ተብሎ ይደወልላችኋል።

አንድ የረሳሁት አለ። «የትኛውም ገጽ አይከፈትም፣ ፎርማት አድርግልኝ» ሲሏችሁ በመጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ሰርተፊኬት የማይቀበለው ቀኑ ስለማይገጥምለት ነው። ሲ አር 2032 የምትባለውን የ3 ቮልት ባትሪ ቀይራችሁ ቀኑን ማሽኑ ሲነሣ ከሚከፈተው ማስተካከያ፣ ከባዮስ፣ አስተካክሉ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ላፕቶፖች እንክፈት፤ ከበሩ አጠገብ ካለው እንጀምር፣ እሱ ዛሬ ጠዋትም ቀኑን ረስቶ ነው የተነሣው።