ያልመለስኩት የአፋፍ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ዛሬ ሌላ ነገር ላነጋግራችሁ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያዘጋጀሁትን ግን ወደ ጎን አድርጌዋለሁ፤ ምክንያቱም ከሦስት ሳምንት በፊት በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌዋ ትንሽ ከተማ በአፋፍ በተደረገው ስብሰባ የሆነው ነገር ከልቤ ሊወጣ አልቻለም። ማታ መብራቱን ካጠፋሁ በኋላ ይመጣል፤ ጠዋትም በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ሥራ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። ነገሩ እናንተ «የጧፏ እናት» ብላችሁ የሰየማችኋቸውን፣ እኔ እማማ የምላቸውን የአፋፍ ባለሱቅ እናት የሚመለከት ነው። እንዴት ናቸው እያላችሁ በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ፣ ይህንን ሳልነግራችሁ መቆየቱ ትክክል መስሎ አልታየኝም።

ስብሰባው የተጠራው ከጀልባ መውረጃው እስከ ገበያው ያለውን ቁራጭ መንገድ በኮብልስቶን ለማንጠፍ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለማውጣትና ጥቂት የመንገድ መብራቶች ለመትከል ባለሱቆቹ ድርሻቸውን እንዲያዋጡ ነበር። በእግሬ ስለካው ሁለት መቶ ስልሳ እርምጃ ሆነልኝ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ እኛ የተጨነቅንበት መንገድ በሙሉ ከአንድ ድልድይ ያጥራል ማለት ነው። ይህን የምለው ለማነጻጸር አይደለም፤ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ሁለት መቶ ስልሳ እርምጃ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እንድታዩልኝ ነው። ኮብልስቶን ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ከተሞቻችን ሲገባ ልማዱ የታወቀ ነው፤ የመንገዱ ነዋሪ የተወሰነውን ያዋጣል፣ ማዘጋጃ ቤት ቀሪውን ይጨምራል፣ ጥርቡንም ወጣቶች ተደራጅተው ይሠሩታል። በባሕር ዳር ስንትና ስንት የውስጥ ለውስጥ መንገድ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የመዋጮውን መዝገብ ይዤ ስቀመጥ የማውቀውን ሥራ የምሠራ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደዚያች ደቂቃ ልመለስ።

እማማ ተራቸው ሲደርስ ከአግዳሚው ተነሡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ሁለት ሺህ ብር ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን ግን ከብሩ ላይ አላነሡም። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያሰሙ፣ ለእኔ ብቻ በሚመስል አነጋገር እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ብሩን እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ድንጋዩ ተነጥፎ፣ መብራቱ በርቶ፣ መንገዱ ካማረ በኋላ ባለቤቱ ኪራይ ቢጨምርብኝ፣ እኔ ይህን ብር የከፈልኩት ለማን ነው?»

እኔም «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እማማ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን» አልኳቸው።

«እሺ፣ ልጄ» ብለው እጃቸውን አነሡ። ደረሰኙን ጻፍኩላቸው፤ ስማቸውን ጠይቄ ሳይሆን ከመዝገቡ ገልብጬ ጻፍኩት። ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሰዎች ስለ ቦዩ ስፋትና ስለ ድንጋዩ ማመላለሻ ተነጋገሩ፤ ቀትር ሲያልፍም ነፋሱ መነሣት ጀመረ፤ ሐይቁን የምታውቁ እንደምታውቁት ጀልበኛው ማዕበሉ ሳይበረታ ለመነሣት ይቸኩላል፤ ሁለት ጊዜ ጠራኝ፣ መዝገቡን አጠፍኩ፣ ሄድኩ። መጨረሻው መጣ፤ ወደ ጥያቄው ግን አልተመለስንም። እርሳቸው በአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ያየሁት ይህንን ነው፤ ሌላውን ሁሉ ረስቼ ቢሆን እንኳ መጠበቃቸውን አይቻለሁ።

መልሱን ስለማላውቅ ነበር ዝም ያልኩት? እንደዚያ ብል እፎይ እል ነበር፤ ነገር ግን መልሱን በከፊል አውቀው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው ለመኖሪያ ቤት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። የሱቅ ኪራይ በአከራይና በተከራይ ስምምነት የሚያድር ነው፤ በአፋፍ ደግሞ አብዛኛው ስምምነት የቃል ነው። እማማ ከሃያ ዓመት በላይ በከፈቱት በር ላይ ያላቸው ዋስትና የባለቤቱ ደግነት ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገረው ሌሎቹም ተከራዮች እጃቸውን ከብራቸው ላይ እንዳያነሡ ፈራሁ። እውነቱ ይህ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የምለው በዚያች ደቂቃ ይህን ሁሉ አስቤ እንደሆነ ወይም አሁን ቁጭ ብዬ እያሰብኩት እንደሆነ መለየት ስላቃተኝ ነው።

ዘጌን ለማታውቁ አድማጮች አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ካላልኩ ጭንቀቴ የአንድ ሱቅ ጭንቀት ብቻ ሊመስል ይችላል። ዘጌ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም በእነዚህ እየኖረ መሬቱን እንዳያርስ ቃል ተገባ እየተባለ ሲነገር ይኖራል፤ ጫካው እስከ ዛሬ ጫካ ሆኖ የቆየውም በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ የማያርስ ሰው እህሉን ከየት ያመጣል? ቡናውን ሸጦ ጤፉንና ዳጉሳውን ከገበያ ይገዛል። ለሌላው የአገራችን ገጠር ገበያ የትርፍ መሸጫ ሊሆን ይችላል፤ ለዘጌ ሰው ግን ገበያው እርሻው ነው። ስለዚህ በክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ አህያ ሲቀመጥበት፣ እህል ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ ወደ ሌላ ገበያ ሲዞር፣ ጉዳቱ የባለሱቁ ብቻ አይደለም። ቦዩ ቶሎ እንዲወጣ የጓጓሁት በዚህ ምክንያት ነበር፤ አሁንም እጓጓለሁ። እንዲያውም ስለ ቦዩ ሳስብ ደስታ ይሰማኛል፣ ውኃው ከገበያው ጀርባ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ይታየኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያ እጅ በብሩ ላይ ይታየኛል።

ሌላው የአፋፍ ሕመም የጀልባው ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊት ብዙ ስላወራሁ አላስረዝመውም። እንግዳው ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ በጀልባ ተጉዞ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም አዝዋ ማርያምን ለማየት ገዳማቱ አጠገብ ይወርዳል፣ የግድግዳውን ሥዕል ያያል፣ በመንገድ ዳር ትንሽ ዕቃ ይገዛል፣ ወደ ጀልባው ይመለሳል። ከተማዋን አይረግጣትም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ እንግዳው ራሱ ሲቀር ደግሞ ያው ትንሹም ቀረ።

ይህን ሳስብ በ1970 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ፣ ብሉር ዌስት ቪሌጅ በተባለ ሰፈር የሆነውን ነገር አነበብኩ። በመንገዱ ላይ ይሄድ የነበረው ባቡር ከመሬት በታች ሲገባ ሰው በሱቆቹ ፊት ማለፉን ተወ፤ አዳዲስ የገበያ አዳራሾችም ደንበኛውን ወሰዱት። የመንገዱ ነጋዴዎች መክረው፣ በዚያ መንገድ ያለ ሁሉ በሕግ እንዲከፍል፣ ገንዘቡንም ከተማው ከግብር ጋር ሰብስቦ ለራሳቸው ቦርድ እንዲመልስ አስፈቀዱ፤ በዚያም መብራትና ዛፍ ተከሉ፣ መቀመጫ ሠሩ። አሠራሩ ከዚያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በእነርሱ መንገደኛው ከሥር አለፈ፣ በእኛ በጎን አለፈ፤ ቁስሉ ግን አንድ ነው ብዬ በጣም ተደስቼ ነበር። ለስብሰባው ያዘጋጀሁት ንግግርም በዚህ የሚጀምር ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያ ክፍያ የሚሰላው በሕንፃው ግምት ላይ ነው፤ በመንገዱ ማማር ቤቱ የሚከብርለት ሰው በመዋጮው ውስጥ አለበት። እርግጥ እዚያም ቢሆን ባለንብረቱ የከፈለውን በኪራይ ላይ ጨምሮ ወደ ተከራዩ እንደሚያሻግር ያማርራሉ። በእኛ መዝገብ ግን ከተጻፉት ስሞች አብዛኞቹ የተከራዮች ናቸው። ስብሰባ የመጣው በሩን የሚከፍተው እንጂ ቁልፉን የሰጠው አይደለም። ይህን መዝገቡን ስጽፍ አላየሁትም።

«ታዲያ አከራዮቹን ጥራ፣ መዋጮው ከኪራይ ይታሰብ፣ ወይም ለሦስት ዓመት ላይጨምሩ ይፈርሙ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። በነጋታው ሊሆን የሚችለውን ውል እንኳ በወረቀት ሞከርኩት። ነገር ግን የእማማን ሱቅ ያከራዩት ሰው ማን እንደሆኑ ሳጣራ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የቡና ዛፎቻቸው ያረጁባቸው፣ በዚያች አንዲት ክፍል ኪራይ የሚኖሩ ሌላ እናት ሆነው አገኘኋቸው። «ለሦስት ዓመት አትጨምሩ» ስላቸው ዘይቱና ጤፉ ለእርሳቸው ለሦስት ዓመት ላይጨምር ነው? ባለጠጋ አከራይ አግኝቼ ብቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጣዬን የማሳርፍበት ሰው አጣሁ፤ ስለዚህ ወደ ራሴ ተመለሰ፣ እዚያም ብዙ የሚጠቅም ነገር አልሠራም።

አንዳንዴ ደግሞ የእማማ የእቁብ ሴቶች ይህን ጉዳይ ከእኔ ይልቅ በተሻለ ይፈቱት ነበር ብዬ አስባለሁ። በእቁብ ውስጥ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ዕጣው አንድ ቀን እንደሚደርሰው፣ ምን ያህል እንደሚያገኝም ያውቃል፤ ዳኛው አለ፣ ዋስ አለ፣ ተራው አለ። ከተማ ለማነቃቃት ብለን የምናዋጣው ገንዘብ ግን የሰጪው ተራ ይደርስ እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ምናልባት አከራዮችም ተከራዮችም የገቡበት አንድ እቁብ፣ ወይም ኪራዩን ራሱ… አይ፣ ይህን ገና አልጨረስኩትም፤ እዚህ ላይ ባቆመው ይሻላል።

ድንጋዩ ባለፈው ሳምንት መጥቷል። በየሱቁ ፊት ተከምሯል፤ ትልቁ ክምር የእማማ በር ፊት ነው ብለው ነገሩኝ፣ ደንበኛ ዞሮ ነው የሚገባው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ያው ጀልበኛ አንድ ፌስታል አምጥቶ ሰጠኝ። ውስጡ ጀንፈል ቡና ነው፣ ሁለት ኪሎ ይሆናል። «ማን ላከው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እማማ ናቸው» አለኝ። «ምን አሉ?» አልኩት። «ምንም አላሉም፤ አድርስልኝ ብቻ ነው ያሉኝ» አለ።

ምስጋና ይሁን፣ ማስታወሻ ይሁን፣ ለማንም እንግዳ የሚያደርጉት ደግነት ይሁን አላወቅኩም። ባለቤቴ ልውቀጠውና ልቁላው ብትለኝም እስካሁን አላስነካሁትም። ቅዳሜ ጀልባ አለ፤ መዝገቡንም ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ፣ የምላቸውን ግን…