ቴምሩን በልተሽ ነበር?

እሺ። ቃል የገባሁላችሁን የቤት ኪራይ ወሬ ለሚቀጥለው እናቆየው። የእህቴ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

በኦፕራሲዮን መውለዷን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ አራስ ሊጠይቁ የመጡ ሴትዮ ያሉትን ነው። ገንፎው ቀርቧል፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ሞልቷል፣ ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ጎረስ አደረጉና «ቴምሩን በልተሽ ነበር ግን?» አሏት። ነፍሰ ጡር ቴምር ከበላች ምጥ ይቀልላታል ይባላል አይደል። በክፋት አይደለም። እንዲያው ለወሬ ያህል።

እህቴ ምን አለች? «በልቻለሁ። አንዳንድ ቀን ግን አምልጦኛል።» ድምጿ የቤት ሥራ ሳትሠራ የመጣች ተማሪ ድምፅ ነው። ሆዷ ላይ ስፌት አለ እኮ! ቀና ብላ መቀመጥ አልቻለችም። በግራ እጇ ልጁን ታቅፋ፣ በቀኝ እጇ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው እንዲህ ያለችው።

ቴምሩን ያመጣችላት ጎረቤታችን ናት። ያቺ እናቴ «እህቴ» የምትላት። ድሬዳዋ ያደጋችሁ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቀፊራ ገበያ ወርዳ ለስላሳውን መርጣ ነው የምትገዛው። እህቴ እስክትጨርስ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ፍሬው ስኒ ማስቀመጫው ላይ ይጠራቀማል። እየበላች የመርየምን ታሪክ ታወራላታለች። ቁርአን ላይ ምጥ ወደ ቴምር ግንድ ያስጠጋታል። «ምነው ከዚህ በፊት ሞቼ በነበር» ትላለች። ከዚያ ግንዱን ወዝውዢው፣ የበሰለው ይረግፍልሻል፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደስም ይበልሽ ትባላለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ። እሷ አራታችንንም «ማርያም ማርያም» እያለች ነው የወለደችን።

ታዲያ እዚያ ታሪክ ውስጥ ቀድመሽ በልተሽ ነበር ወይ ያላት የለም። ምግቡ የመጣላት ጭንቋ ውስጥ እያለች ነው።

ጥናትም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ዮርዳኖስ አገር የተሠራው፣ ሁላችሁም የምትልኩልኝ። 69 ሴቶች ከመውለጃቸው በፊት ለ4 ሳምንት በቀን 6 ቴምር በሉ፣ 45ቱ አልበሉም። የበሉት ሆስፒታል ሲደርሱ የማህፀን በራቸው በአማካይ 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ተከፍቷል፣ ያልበሉት 2። የምጡ የመጀመሪያው፣ ቀስ የሚለው ክፍልም በአማካይ 510 ደቂቃ ፈጀባቸው፣ የሌሎቹ 906። ትልቅ ልዩነት ነው፣ አልክድም። እኔም ነፍሰ ጡር ብሆን እበላለሁ። ስኳር ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ቴምር ስኳሩ ብዙ ነው።

ግን የእህቴ ልጅ የልብ ምት ወረደ። ኦፕራሲዮን የገባችው ለዚህ ነው። የማህፀን በር ቢለሰልስ የልጅ ልብ ምት ላይ ምን ያደርጋል? ይህን እዚያው ልናገር ነበር። እናቴ በዐይኗ ተይ አለችኝ፣ ሴትዮዋ ታላቅ ናቸው፣ እንግዳም ናቸው። ደግሞ እኮ እሳቸው ራሳቸው ስንት ምጥ ያዩ ሰው ናቸው። ምናልባት እሳቸውንም አንድ ቀን ተልባ ጠጥተሽ ነበር ወይ ያላቸው ሰው ይኖራል። ስለዚህ በእሳቸው ልናደድ አልቻልኩም። በማን ልናደድ?

ቴምሩን መጥላት አልፈልግም። ጎረቤታችን በዚያ ሙቀት ተሸክማ ያመጣችው ፍቅር ነው። ግን ፍቅሩ መቼ ነው ግዴታ የሆነው? እህቴ በቀደም ስልክ ላይ «ለሁለተኛው አንድ ቀንም አላስመልጥም» አለችኝ። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ልንገራት ወይስ... ብነግራት ደግሞ ያቺን የያዘቻትን ተስፋ... አላውቅም። እስቲ ቆይ፣ እየደወለች ነው መሰለኝ።