ስምንት ቁራጭ

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ድምፄ ትንሽ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ። ትናንት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ስፌት ስተረትር ነው ያመሸሁት። ዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር ያዘጋጀሁት፤ ግን ጨርቁ አሁንም እዚሁ እግሬ ሥር ተዘርግቶ እያየኝ ነው፣ ስለ ሌላ ነገር ላወራ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ አንድ ቤተ መቅደስ በር ላይ በሚዘረጋ የሰልባጅ ገበያ ሄጄ ኪሞኖ የሚሉትን የጃፓን ባህላዊ ልብስ ገዛሁ። ሐር ነው፣ አመድማ ሆኖ ሲያዩት ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። ዋጋው 1000 የን። ቶኪዮ ውስጥ አንድ ደህና ምሳ የሚያበላ ገንዘብ ነው። አዲሱ ኪሞኖ እኮ መኪና የሚያስገዛ ዋጋ የሚጠራበት ጊዜ አለ። አሮጌው የረከሰበት ምክንያት ሲነገረኝ ትንሽ አሳዘነኝ። አያት ስትሞት ልጆቿ ኪሞኖ የሞላበት ቁም ሣጥን ይወርሳሉ። የሚለብሰው የለም፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ይሸጣል።

እኔ ያሰብኩት ደግሞ ምን መሰላችሁ? ተርትሬ፣ ቆርጬ፣ ለሠርግ የሚሆን ቀሚስ ላሰፋበት ነበር። የምኖረው ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው፤ ቶኪዮ ውስጥ የአበሻ ልጅ በብዛት የሚገኝበት ሰፈር። የአንዲት ጓደኛችን ሠርግ እየደረሰ ነው፣ እኔም መዘነጥ አማረኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሲንገር መኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ መቀስ አያስፈራኝም።

ተረተርኩት። ክሩ እንዴት ደስ ብሎት እንደሚወጣ! ሁሉም በእጅ የተሰፋ ነው፤ አንዱን ጫፍ ስትስቡት ሙሉው ስፌት ተከትሎ ይመጣል፣ ጨርቁን ሳይቀድ። እና ገበሩን ለብቻ አስቀምጬ ስቆጥር ስምንት ቁራጭ ሆነ። ሁለት ረጃጅም ለገላው፤ ከፊት ተነሥተው በትከሻ አልፈው እስከ ኋላ የሚወርዱ፣ ትከሻ ላይ ስፌት የላቸውም። ሁለት ለእጅጌ። ሁለት ጠበብ ያሉ፣ ፊት ለፊት የሚደራረቡት ላይ የሚጨመሩ። አንድ ለኮሌታ፣ አንድ ደግሞ ከኮሌታው ላይ የሚደረብ። ሁሉም ቀጥ ያሉ። እናቴ ሰው ሲመጣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ እያለች የምትለካውና በጠመኔ የምታጎብጠው መስመር፣ እዚህ አንድም የለም።

ቪዲዮ ደወልኩላትና ካሜራውን ወለሉ ላይ አዞርኩት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፣ «ቁርጥራጩስ የታለ?» አለችኝ።

«የለውም እማዬ።»

«እንዴት አይኖረውም? ልብስ ተቆርጦ ቁርጥራጭ ሳይወጣ?»

የለውም። ኪሞኖ የሚሠራበት ጣቃ ስፋቱ ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ርዝመቱ ወደ 12 ሜትር። አንድ ጣቃ ለአንድ ሰው። ጣቃው በስምንት ይቆረጣል፣ አንዲት ስንዝር አይጣልም። ለወፍራም ሰው፣ ለቀጭን ሰው ተብሎ አይቀየርም፤ ልዩነቱ ስፌቱ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል፣ የቀረውን መቀነቱ ያስተካክለዋል። ኦቢ የሚሉት መቀነቱን ነው። ድሮ ልብሱን ለማጠብ ሲፈልጉ ሙሉ በሙሉ ይተረትሩትና ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ ይሰፏቸዋል፤ ኪሞኖው ተመልሶ ጣቃ ይሆናል ማለት ነው። ያጥቡታል፣ በስታርች ወጥረው ያደርቁታል፣ መልሰው ይሰፉታል። የእናት ልብስ ለልጅ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። እናቴ ይሄን ስነግራት አልገረማትም፤ «ጋቢስ እንዲሁ አይደል?» አለች። እውነቷን ነው። ጋቢ ከጠባብ ሸማ በመሃል ተጋጥሞ ይሰፋል፣ ማንንም አይለካም፣ አባትም ልጅም ይለብሱታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኪሞኖ ስትለብሱ በግራ በኩል ያለው ከላይ ነው የሚደረበው። በቀኝ በኩል ያለው ከላይ ከሆነ የአስከሬን አለባበስ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ነጠላ ትዝ አለኝ። ጥለቱ ወደ አንገት ከመጣ ሐዘን እንዳለ ከመንገድ ማዶ አንለይም እንዴ?

ወደዚህ አገር ስመጣ ግን ኪሞኖ አላሳሰበኝም። እኔ የመጣሁት ሐራጁኩ በሚባለው፣ ወጣቶች በሚዘንጡበት የቶኪዮ ሰፈር ፍቅር ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ልጆች ነበሩ፤ ፀጉራቸው ሮዝ፣ ጫማቸው እንደ ጡብ ከፍ ያለ፣ ከግንባር እስከ ቁርጭምጭሚት የፕላስቲክ ጌጥ የተንጠለጠለባቸው። ደርሼ ታኬሺታ የሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ስቆም ያገኘሁት ቱሪስትና በክሬም የተሞላ ክሬፕ ነው። ከእነሱ ይልቅ እኔ ነበርኩ የማስገርመው። ለካስ አርፍጃለሁ። ፍሩትስ የሚባለው መጽሔት፣ ሾይቺ አኦኪ የተባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው፣ የሐራጁኩን ልጆች ለዓለም ያሳየው እሱ ነበር። በ2017 ተዘጋ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ፎቶ የሚነሣ ዘናጭ ልጅ ጠፋ አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹም ወራቱም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትምታቱ።)

እኔ እንኳን በዚህ አልስማማም። ዘናጩ አልጠፋም፣ ሰፈር ቀየረ። ሺሞኪታዛዋና ኮኤንጂ ሂዱ፤ ሰልባጅ ሱቅ በሰልባጅ ሱቅ ላይ ነው። ልጆቹ የአባታቸውን የሚያህል ጃኬት ለብሰው፣ አንዱን እጅጌ ጠቅልለው፣ ማንንም ሳያዩ ይሄዳሉ። ወይም በጥር ሁለተኛ ሰኞ ውጡ። ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆች በዓል ነው። እጅጌው ሜትር የሚደርስ ኪሞኖ የለበሱ ሴቶች ባቡር ሲሳፈሩ፣ እጅጌያቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ነው። ኪታክዩሹ በምትባል ከተማ ደግሞ ወንዶቹ ወርቅማና ብርማ ለብሰው፣ ላባ ሰክተው ነው የሚወጡት። ሽማግሌዎች ያማርራሉ። ልጆቹ ደግሞ በየዓመቱ ይብስባቸዋል።

ስለ ማማረር ካነሣሁ ይቺን ልንገራችሁ፣ እኔ በጣም የምወዳትን። 1964። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ልታዘጋጅ ነው፣ ውድድሩ ጥቅምት ላይ ይጀመራል። ጊንዛ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ሚዩኪ በሚባል መንገድ ላይ ወጣቶች ተሰብስበው ይቆማሉ። ሌላ ሥራ የላቸውም፣ መቆም ብቻ። ባለ ሱቆቹ ተቆጡ፤ እንግዳ ሊመጣብን ነው፣ እነዚህ ቦዘኔዎች ያሳፍሩናል አሉ። መስከረም ላይ ፖሊስ መጣና ወደ 200 የሚጠጉትን በአፈሳ ወሰዳቸው። አፈሳ እኛ ብቻ ጋ ያለ ይመስለኝ ነበር!

ታዲያ የለበሱት ምን መሰላችሁ? ኮሌታው ቁልፍ ያለው ሸሚዝ፣ ኮት፣ አጠር ያለ ሱሪ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለባበስ። ኬንሱኬ ኢሺዙ የተባለ ሰው ቫን በሚባል ድርጅቱ ያስፋፋው ማለት ነው። ሊመጣ ያለውን ፈረንጅ እንዳያሳፍሩ ተብለው የታሠሩት ፈረንጁ ራሱ የሚለብሰውን ለብሰው ነው። ዛሬ ያ አለባበስ ጃፓን ውስጥ የጨዋ ልጅ ልብስ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑ ይለብሰዋል።

መንግሥት ልብስ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ግን ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ከ1603 እስከ 1868 በነበረው የኤዶ ዘመን፣ ነጋዴው ከሳሙራዩ በላይ ገንዘብ አለው፤ በማዕረግ ግን ከታች ነው። ልታይ ልታይ እንዳይል በየጊዜው ሕግ ይወጣበታል፤ ይሄን ሐር አትልበስ፣ ይሄን ቀለም አትንካ፣ ወርቀ ዘቦ አታድርግ። ነጋዴውስ? እሺ አለ። ቡኒና ግራጫ ለበሰ። ግን «48 ቡኒ፣ 100 ግራጫ» የሚል አባባል አላቸው፤ ግራጫውን በመቶ ከፈለው፣ አንዱን ከአንዱ የሚለየው ዐዋቂ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ገንዘቡን ወደ ገበሩ አዞረው። ያን እሑድ ገበያ ላይ አንድ የወንድ ጥቁር ካባ አንሥቼ ነበር፣ የቀብር ልብስ የመሰለ። ስገልጠው ውስጡ በሙሉ የፉጂ ተራራ ተስሎበታል። ማንም እንዳያየው! እኛ «ውስጡን ለቄስ» የምንለው ላዩ አምሮ ውስጡ የማይነገር ሲሆን ነው። እነዚህ ገለበጡት። ይሄን ጥበብ ኢኪ ይሉታል። እኔ አራዳነት ነው የምለው፤ እውነተኛ አራዳ አይጮህም።

ከ1868 በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ንጉሠ ነገሥቱ የፈረንጅ ልብስ ለበሱ፣ ሹማምንቱ ተከተሉ፣ ወታደሩ፣ ፖስተኛው፣ ተማሪው። ሴቶቹ ግን በቀላሉ አልተከተሉም። በ1925 ዋጂሮ ኮን የሚባል ሰው ጊንዛ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሰው አለባበስ ቆጠረ፤ ከወንዶቹ 67 በመቶው የፈረንጅ ልብስ፣ ከሴቶቹ 1 በመቶ ብቻ። ያን ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ ፀጉሯን ስለተቆረጠችው፣ አጭር ቀሚስ ስለለበሰችው «ዘመናዊ ልጃገረድ» ይጽፍ ነበር። መንገድ ላይ ስትቆጠር ከመቶ አንዷ ናት። ዛሬም ስለ ፋሽን ዜና ሳነብ ይሄን ቁጥር አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ጨርቁ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያስተከዘኝ እሱ ነው። ድሪቶ የሚለው ቃል እኛ ጋ ስድብ ነው። ልጅ ሆኜ ክርኔ ላይ የተጣፈ ሹራብ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄጄ ምን እንደተባልኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ! ጃፓኖች ድሪቶን ቦሮ ይሉታል፣ እነሱም ጋ የሚያኮራ ቃል አልነበረም። በሰሜን፣ በአኦሞሪ በኩል ብርዱ ጥጥ አያበቅልም፤ ገበሬው የሚለብሰው ሄምፕ ከሚባል ተክል ጭረት ነው። ከደቡብ በመርከብ የሚመጣ አሮጌ የጥጥ ብጣሽ ሲያገኝ እንደ ሀብት ይቆጥረዋል። በቀዳዳው ላይ ይጥፈዋል፣ እንዲሞቅ ሌላ ይደርብበታል፣ በነጭ ክር ጠቅ ጠቅ አድርጎ ያጠነክረዋል። ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል፣ እሱም ይጥፋል። ኋላ ላይ ኑሮ ሲሻሻል ሰዎች አፍረው ደበቁት፣ አቃጠሉት። ቹዛቡሮ ታናካ የሚባል የአኦሞሪ ሰው ግን የመንደር ቤት እየዞረ ሰበሰበው። ሰው ቡቱቶ ሲሰበስብ አስቡት! ዛሬ ያ ቡቱቶ ሙዚየም ገብቷል። አንድ ሱቅ ውስጥ የድሮ የገበሬ ካፖርት፣ ከላይ እስከ ታች ድሪቶ የሆነ፣ ዋጋውን ሳይ የወር የቤት ኪራዬ ነው። አልገዛሁም፤ ግን በእጄ ዳሰስኩት።

ሬይ ካዋኩቦ የምትባል ልብስ ነዳፊ በ1982 ቀዳዳ ያለው ጥቁር ሹራብ ፓሪስ ላይ ስታሳይ ፈረንጆቹ ደነገጡ፤ አቶሚክ ቦምብ ከወደቀባት ከሂሮሺማ ጋር አያይዘው የጻፉ ነበሩ። እሷ ግን ዳንቴል ነው አለች። ቀዳዳው እንዲዘበራረቅ የሹራብ ማሽኑን ብሎን አላልታ ነው ያሠራችው። ከእሷ ጋር ስሙ የሚነሣው ዮጂ ያማሞቶ ደግሞ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ አባቱ በጦርነት ሞቶ እናቱ እየሰፋች አሳደገችው። (ይሄን ለእናቴ ስነግራት፣ «ታዲያ አንቺስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።)

ሂሮሺማን በእርግጥ ያየው ሌላው ልብስ ነዳፊ፣ ኢሴይ ሚያኬ ነው። ቦምቡ ሲወድቅ የ7 ዓመት ልጅ ነበር፣ እናቱም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሞቱ። ረጅም ዘመን አላወራውም፤ ከቦምብ የተረፈው ልብስ ሠሪ እንዲባል አልፈለገም። የእሱን ፕሊሴ፣ በጥቃቅን እጥፋት የተሞላውን ልብስ፣ ባቡር ውስጥ አሮጊቶች ለብሰውት አያለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከሚፈለገው ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ አስፍተው መጀመሪያ ይሰፉታል፣ ከዚያ በወረቀት መሃል አድርገው በሙቀት ይጫኑታል። ተሰፍቶ ነው የሚታጠፈው። ካውያ አይፈልግም፣ ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው፤ ሴትዮዋ ብትወፍርም ይሰፋላታል፣ ብትከሳም ይሰበሰብላታል። የሥራውን ሐሳብ ሲገልጽ «አንድ ቁራጭ ጨርቅ» ነበር የሚለው። ይሄን ድሮም አንብቤው ነበር፤ ግን የገባኝ ትናንት ሌሊት፣ ስምንቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ስደረድራቸውና ጣቃው ተመልሶ ሲመጣልኝ ነው። የአንዱ አበባ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ገጠመ። ሰማንያ ዓመት ይሁን መቶ አላውቅም፣ የሸማኔው ጨርቅ ሳይጎድል እፊቴ ነበር።

መቀሱን አንሥቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም። የቀሚሱን ንድፍ በወረቀት ቆርጬ ጨርቁ ላይ አድርጌዋለሁ። አንገቱ ጋ ክብ አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ያን ክብ ሳይ እጄ እምቢ አለኝ።

እናቴ ስልኩን ሳትዘጋ እያየችኝ ነበር። «የተረተርሽውን መልሺው» አለችኝ።

ለሠርጉ ሐበሻ ቀሚሴን እለብሳለሁ። ዛሬ ጠዋት የሐር ክር ገዛሁ፤ ቀለሙ ትንሽ ይፈካል ግን ይሁን። ከምሳ በኋላ የግራውን እጅጌ ጨረስኩ፣ ስፌቴ ኪሞኖው መጀመሪያ ከተሰፋበት ስፌት ጋር ሲተያይ የዶሮ ጭረት ይመስላል። ማታ ኮሌታው ላይ ደረስኩ። ኮሌታው ግን አሸንፎኛል፤ ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ተርትሬዋለሁ።