መዶሻው ድንጋይ በነበረ ጊዜ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መሣሪያ ስም ነው፤ ስለ መዶሻ። እንግሊዞች ሃመር ይሉታል። ጀርመኖችም ሃመር ነው የሚሉት። ስዊድኖች ሃማሬ፣ አይስላንዶች ሃማር ይላሉ። እነዚህ ቋንቋዎች ከተለያዩ ስንት ዘመናቸው! ስሙ ግን ከሁሉም አፍ አልጠፋም።

እኔን የያዘኝ የአይስላንዱ ነው። እዚያ ሃማር መዶሻም ነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዓለትም ነው። የስካንዲኔቪያ ሰዎች ድሮ በሚናገሩት በጥንቱ የኖርስ ቋንቋም እንደዚሁ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደባትን ሊልሃመርን ታስታውሱ ይሆናል፤ ኖርዌይ ውስጥ ናት። ስሟን ስሰማ ትዝ የሚለኝ መዶሻ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ «ትንሿ ሃማር» ማለት ነው። ሃማር የምትባለው ከተማ ሊልሃመር ባለችበት በዚያው ሐይቅ ዳር አለች፤ ስሟ የመጣው ከዓለት ነው።

ዓለትና መዶሻ እንዴት አንድ ስም ያዙ? ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የሚሉት፣ መጀመሪያ የነበረው ድንጋዩ ነው። በሩሲያኛ ድንጋይ ካሜን ይባላል። በሊትዌንያ ቋንቋ አክሙዎ፣ በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት አሽማን ነው። ከሃመር ጋር አንድ ሥር አላቸው ይላሉ። ካሜን ላይ ያለው «ከ» እንግሊዝኛን፣ ጀርመንኛንና ስዊድንኛን በያዙት በጀርመናውያኑ ቋንቋዎች ለምን «ሀ» ሆነ ካላችሁ፣ ያዕቆብ ግሪም በ1822 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን የድምፅ ለውጥ በሥርዓት አስቀምጦታል። አዎ፣ ተረት ሰብሳቢው ግሪም ራሱ ነው። በላቲን ቀንድ ኮርኑ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሆርን። መንገዱ ያው ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሰዎች በድንጋይ ይቀጠቅጡ ነበር፤ መሣሪያውንም በድንጋዩ ስም ጠሩት። ኋላ ብረት መጣ፣ ድንጋዩ ተጣለ። ስሙን ግን ማንም አልጣለውም። ዛሬ ብረት መዶሻ የሚያነሳ ጀርመናዊ አናጢ ድንጋይ እየጠራ መሆኑን አያውቅም። ይህ ነገር ልቤን ይነካኛል።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ስዊድናዊው ዳግ ሐመርሾልድም ይህንኑ ቃል በስሙ ይዞታል፤ «ሾልድ» ጋሻ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዋና ጸሐፊው እሱ ነበር።

ከሁሉ የምወደውን ደግሞ ልንገራችሁ። ቫይኪንጎች፣ የጥንቶቹ የስካንዲኔቪያ ባሕርተኞች፣ የአምላካቸውን የቶርን መዶሻ በትንሹ እየሠሩ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። እንዲህ ያለ ጌጥ ከ1,000 በላይ ተገኝቷል። ሆኖም አንዳንድ ተመራማሪዎች ቅርጹ በእርግጥ መዶሻ ነው ወይ እያሉ ይከራከሩ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ፣ ሎላንድ ደሴት ላይ፣ «ሩን» በሚባለው በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ፊደል የተጻፈበት አንድ ጌጥ ተገኘ። ዕድሜው 1,000 ዓመት ገደማ ነው። ጽሑፉ የሚለው «ይህ መዶሻ ነው» ብቻ ነው። ጸሐፊው «ሃማር» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋን «አ» ዘሏታል፤ «ህማር» ብሎ ነው የጻፈው።

ሰው የሚያየውን ነገር ስሙን መልሶ ለምን ይጽፍበታል? እኔ የሚመስለኝ፣ ያ ሰው መጻፍ መቻሉ ደስ ብሎት ነው። ፊደል የሚያውቅ ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ የሚወደውን ነገር ስም በእጁ ቀረጸ። የሊቃውንቱንም ክርክር የፈታው ያ ጽሑፍ ሆነ።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ መጋዝ እናወራለን። ደህና ሁኑልኝ።