«ሥራሽ ምንድን ነው?» (ኮምቦልቻ ላይ በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ያደረግኩት የመክፈቻ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቶቻችን ዱዓውንም ምርቃቱንም አድርሰውልናል፣ አሚን ብለናል፣ እንግዲህ ሰብሳቢ ስላደረጋችሁኝ እኔም ትንሽ ልናገር። ከደሴ በጠዋት ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁ፣ ከሐርቡና ከከሚሴ በኩል ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ አርሶ አደሮቻችን፣ የሌሊት ሽፍት ገብታችሁ ሳትተኙ እዚህ የተቀመጣችሁ እህቶቼ (አይቻችኋለሁ፣ ዓይናችሁ ቀልቷል)፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባለፈው ዓመት ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን «እናንተ ግን ምንድን ናችሁ፣ የጤና ማህበር ናችሁ የነጋዴ ወይስ የአካባቢ ጥበቃ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪምም ነርስም አለ፣ ፋርማሲ ያለው አለ፣ ዕቃ የሚነግድ አለ፣ የፋብሪካ ሰው አለ፣ ቦርከና ዳር ሽንኩርትና ቆስጣ የሚያለማ አለ። ያን ቀን የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ልመልስለት፣ ግን ከአንዲት ሴት ነው የምጀምረው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ፣ የቱ ፋብሪካ የሚለው ይቅር። ከፈትል ክፍል አንዲት ሴት ትመጣ ነበር፣ ሰኞ ሰኞ። «ሲስተር፣ ደረቴን ጭምቅ አርጎ ይዞኛል፣ አየር አጠረኝ» ትላለች። ሳል አለ፣ ትኩሳት የለም። እኔ ብርድ ነው እላለሁ፣ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ እሰጣታለሁ፣ የሳል ሽሮፕ እጨምርላታለሁ፣ ማክሰኞ ትንሽ ይሻላታል፣ ሐሙስ ስትስቅ አያታለሁ፣ እኔም መድኃኒቴ ሠራ ብዬ ደስ ይለኛል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ግን ተመልሳ እዛው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። እንዲህ እያልን ከዓመት በላይ ሄድን። ከዛ አንድ የዓረፋ ሰሞን ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ ሁለት ሳምንት ቆይታ መጣች፣ «አገሬ እያለሁ እኮ አንድ ቀን እንኳ አላመመኝም» አለችኝ፣ ሥራ በገባች በዛው ቀን ማታ ላይ ግን ጓደኞቿ ደግፈው አመጧት፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ያን ማታ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፣ መዝገቡን ይዤ ተቀመጥኩ። የሰኞዎቹን ገጽ ስገልጥ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፣ የሐሙሶቹ ግማሽ ገጽም አይሞላም። ስሞቹን ሳነብ ፊታቸው ይመጣልኛል፣ አብዛኞቹ ፈትል ክፍልና ጥጥ የሚፈታበት ክፍል ነው የሚሠሩት። መዝገቡ ላይ ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ቀበሌ አለ፣ በሽታው አለ፣ የተሰጠው መድኃኒት አለ። ሥራ የሚል መስመር የለም። እኔው ነኝ በማስመሪያ ያሰመርኩት መዝገብ።

በሽታው ቢሲኖሲስ ይባላል፣ ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ነው፣ ዋናው ምልክቱም ሰው አርፎ ሲመለስ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረቱን መያዙ ነው። በጊዜ ከብናኙ ካልራቁ ሰኞ ብቻ የነበረው ማክሰኞም ረቡዕም ይሆናል፣ እያደረም ሳንባው ወደ ድሮው የማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለዚህ ምንም አይሠራም። ያቺን ሴት ይቅርታ ልጠይቃት ስፈልግ ሥራ ለቃ ሄዳለች፣ አድራሻዋንም አላገኘሁትም፣ በእናንተ ፊት የምናገረውም ለዚህ ነው።

ለኃላፊው ነገርኩት፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ማስክ አስመጣ። ስስ ጨርቅ ነው፣ እዛ ሙቀት ውስጥ ማሽን ስር ስምንት ሰዓት አድርጎ የሚችል የለም፣ በሳምንቱ ሁሉም አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት አየሁ። የሚበጀውስ ብናኙን ገና ከማሽኑ ሲወጣ ስቦ የሚያወጣ ፋን ነበር፣ ማሽኑንም በአየር እየነፉ ከማቡነን እየሳቡ ማጽዳት። ይሄ ብር ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ግን በየሰኞው ግማሽ ቀን የሚተኛ ሠራተኛም ብር ነው፣ ባለሀብት አባሎቻችን ይሄን ከኔ በተሻለ ታሰላላችሁ።

በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 እ.ኤ.አ. ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ፣ ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቀው ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የምትለዋን ይጨምር አለ። ከ300 ዓመት በላይ ሆኗል። እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ተቀምጬ ያቺን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም፣ ዛሬም ብዙ ክሊኒክ አይጠየቅም።

ያ ሁሉ አሞክሳሲሊን ደግሞ የትም አልጠፋም። ያለ ማዘዣ፣ ሁለት ፍሬ ሦስት ፍሬ እየተቆረጠ ሲሸጥ ሁላችንም እናያለን፣ የፋርማሲ አባሎቻችን «እኔ ብከለክለው ማዶ ካለው ይገዛል» ትሉኛላችሁ፣ ገበያው እንደሱ መሆኑን አልክድም። ግን እንዲህ ያለ አግባብ ሲወሰድ ተህዋሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ መድኃኒት በለመደ ተህዋስ ምክንያት በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ገደማ ሰው በቀጥታ እንደሞተ ተሰልቷል፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳውም እንደኛ ዓይነት አገር ነው፣ የመጀመሪያው መድኃኒት እምቢ ሲል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የምንገዛበት አቅም የለንማ። ማዶ ያለው ባለ ፋርማሲም ዛሬ እዚህ አለ፣ አጠገብ ለአጠገብ ነው የተቀመጣችሁት፣ ከሻይ በኋላ አብራችሁ ተነጋገሩበት።

አሁን ወደ በሩ ዞር በሉ እስኪ። ያ ሰማያዊ በርሜል ሆን ብዬ ያስመጣሁት ነው። ገበያ ላይ ለውሃ ማጠራቀሚያ ብላ አንዲት እናት ገዝታው ለኛ አምጥታ አሳየችን። ክዳኑን ክፈቱና አሽትቱት፣ በኦሞ ሦስቴ ታጥቦም ያ ሽታ አልለቀቀም፣ ጎኑ ላይ ወረቀቱ ተልጦ ግማሹ ቀርቷል፣ የአደጋ ምልክቱ ቀዩ ጠርዝ ብቻ ይታያል። ምን ነበረበት ብትሉኝ መልስ የለኝም፣ የሸጠውም አያውቅም፣ የገዛችውም አታውቅም። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ስለሚመጣ ግን በርሜል የግድ ነው፣ ልጆቿም ከዚህ ሊጠጡ ነበር። እንግዲህ ይሄ በርሜል የንግድ ጉዳይ ነው? የአካባቢ ነው? የሐኪም ነው? ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ጥያቄ እኮ ይሄው በር ላይ ቆሟል።

በርሜሉ ንጹሕ ቢሆንም ክዳን ከሌለው ሌላ ጣጣ አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ አለች፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ እዚሁ ጎረቤታችን ባቲ ድረስ ተገኝታለች። የለመድናት ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ነው የምትፈልገው፣ ይቺኛዋ ግን ከተማ ውስጥ በርሜል፣ ታንከር፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ፣ በበጋም ሳይቀር። ስለዚህ ክዳን። በቃ፣ ክዳን።

ወንዙ። ቦርከና በደሴ በኩል አልፎ ነው ወደኛ የሚወርደው፣ የደሴን ፍሳሽ ይዞ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ የራሳችንን እንጨምርበታለን፣ ከዛ በቃሉና በጨፋ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ በበጋ ጨፋ ላይ የአፋር ከብት ሳይቀር የሚጠጣው እሱን ነው። ወደ ቦርከና በሚገቡት የኮምቦልቻ ትንንሽ ወንዞች ላይ ያጠኑ ሰዎች ውሃውና ደለሉ ውስጥ ክሮሚየምና ዚንክ የሚባሉ ብረቶች አግኝተዋል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ግራ የሚገባን ነገር ስላለ ልናገረው፦ ውሃ ሲፈላ ጀርም ይሞታል፣ ብረት ግን አይሞትም፣ እንዲያውም ውሃው ተኖ ሲያንስ ብረቱ የባሰ ይወፍራል። ቆስጣውንም ብናጥበው ከላይ ያለውን አፈር ነው የምናነሳው፣ በሥሩ የሳበው ውስጡ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አርሶ አደር አባላችን «ሲስተር፣ እኔ ይሄን ውሃ ወድጄው ነው እንዴ የማጠጣበት? ሌላ የለኝም» አለኝ። ለሱ አታልማ ማለት ልጆችህን አታብላ ማለት ነው። ጥያቄው ወደ ላይ፣ ወደሚለቀው ነው መሄድ ያለበት።

ፋብሪካ ይዘጋ የሚል ሰው በመካከላችን የለም፣ እኔ ራሴ በፋብሪካ ደመወዝ ነው ልጆቼን ያስተማርኩት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ወጣት ተስፋ እንዳደረገ አንረሳም፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ከተማችን ምን እንደሆነችም አይተናል። እንጀራው ይኑር፣ ፍሳሹ ታክሞ ይውጣ ነው የምንለው፣ ይሄ ደግሞ ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ የግሌ ጥቅም ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተደሰተ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንም ሰው ነው የሚለው። አስተውሉልኝ፣ እስከዛሬ በቃል ነው ያጉረመረምነው፣ የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ የገቢ ቁጥር የተሰጠው ማመልከቻ ከኛ ማህበር አልወጣም፣ ይሄ የኛ ድክመት ነው፣ ረቂቁ ዛሬ ይነበባል።

ለደሴዎች አንዲት ነገር፣ ብርዱ ሲመጣ ከሰል ማታ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር አደጋው አለፈ ይመስላል፣ ከፍሙ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። እባካችሁ ለአከራይ ለተከራይ ንገሩ፣ በተለይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩ ተማሪዎች።

እሺ፣ ወደ አጀንዳው እንግባ። የግል ክሊኒክ ያላችሁ አባሎቻችን ከፊታችን ወር ጀምሮ ካርዳችሁ ላይ ሥራ የሚል መስመር ለመጨመር ተስማምታችኋል፣ ስማችሁ ሲጠራ ተነሱ። ቀጥሎ ያገለገለ በርሜልና ጀሪካን የምትነግዱ፣ ምን እንደነበረበት ያልታወቀውን ለውሃ ላለመሸጥ የተዘጋጀውን ስምምነት ታያላችሁ፣ ከዛ ማመልከቻው ይነበባል። እስከዛው ግን አንድ ወረቀት ከኋላ ወንበር ይነሳል። ስም አትጻፉ፣ የምትሠሩትን ሥራና ደረታችሁ፣ ቆዳችሁ ወይ ጆሯችሁ የሚያስቸግራችሁን ቀን ብቻ ጻፉ። መጻፍ የማይችሉ እናቶች አጠገባችሁ ላለ ልጅ ንገሩት። የሌሊት ሽፍት የነበራችሁ እህቶቼ፣ እናንተ መጀመሪያ ጻፉና ሂዱ ተኙ። ጉባኤው ተከፍቷል።