ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው ገመና

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ስልክ ነው፤ ስለ ካሜራው ጥራትና ስለ ባትሪው ዕድሜ ግን አይደለም። በእጃችን የያዝነው ስልክ ስለ እኛ ምን ያውቃል፣ ያወቀውንስ ለማን ይነግራል የሚለው ነገር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲያብሰለስለኝ ኖሯል። በዚህ ጉዳይ ዓለም ብዙ ተከራክሯል። እኔን የሚቆረቁረኝ፣ ክርክሩ ሁልጊዜ ውድ ስልክ በያዙ ሰዎች ዙሪያ መሽከርከሩ ነው። ርካሽ ስልክ የያዘው ሕዝብ፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ ስሙም አይነሳ።

ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። በእኛ ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ሁሉም ከሚያውቀው ታሪክ ልጀምር። በ2015 መጨረሻ በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ በምትባል ከተማ፣ ባልና ሚስት ተኩስ ከፍተው 14 ሰዎች ገደሉ። እነርሱም ከፖሊስ ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። ሰውየው ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት የሰጠው አይፎን 5ሲ ተቆልፎ ተገኘ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ቁጥሩን እየሞከረ ለመክፈት ፈራ፤ ምክንያቱም አሥር ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ከገባ በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። በ2016 መጀመሪያ ላይ አንዲት ዳኛ፣ የስልኩ አምራች አፕል ይህን መከላከያ የሚያነሳ ሶፍትዌር ሠርቶ እንዲሰጥ አዘዙ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ ለደንበኞቻቸው ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው እንቢ አሉ። ለአንድ ስልክ ተብሎ የሚሠራው መሣሪያ ሌሎቹንም ስልኮች ይከፍታል፣ ነገ ደግሞ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም የሚል ነበር መከራከሪያቸው። ጉዳዩ የመጨረሻ ፍርድ አላገኘም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኤፍቢአይ በሌላ ወገን እርዳታ ስልኩን ከፍቻለሁ ብሎ ጥያቄውን አነሳ።

በዚያን ጊዜ አፕል ትክክል ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ሐዘን ይገባኛል፤ መርማሪም ማስረጃ መፈለጉ ሥራው ነው። ነገር ግን ለጥሩ መርማሪ የተከፈተ ቀዳዳ ለክፉ መርማሪም ክፍት ነው። እኛ ደግሞ ክፉ መርማሪ ምን እንደሚመስል ከሰው አፍ መስማት የሚያስፈልገን ሰዎች አይደለንም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። አፕል እንቢ ማለት የቻለው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ስልኩ በእርግጥም ጠንካራ ቁልፍ ነበረው። ሁለተኛ፣ ከመንግሥት ጋር ፍርድ ቤት የሚገትር ገንዘብ ያለው ኩባንያ ከጀርባው ነበር። የእኛ ስልክ ከሁለቱም የለውም። መርማሪ ቁልፉን ለመስበር ከመድከሙ በፊት፣ ስልኩ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ሌላ ሰው ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል የማጋንን ከመሰላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2020 አፕስትሪም የሚባል የሞባይል ደኅንነት ድርጅት ቴክኖ ደብሊው2 በተባለ ርካሽ ስልክ ላይ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች በውስጡ ነበሩ። እነዚህ ፕሮግራሞች ባለቤቱ ሳያውቅ ከበስተጀርባ ማስታወቂያ ይነካሉ፣ የሚያስከፍል አገልግሎት ላይ ያስመዘግቡታል፣ የአየር ሰዓቱን ይበላሉ። ስልኩ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ቢመለስ እንኳ ኤክስሄልፐር አይጠፋም። ችግሩ ታየባቸው ከተባሉት አገሮች መካከል ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና፣ ደቡብ አፍሪካ አሉ። ኢትዮጵያም አለች። ከ200 ሺህ በላይ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይት ተመዝግቧል። የስልኩ አምራች ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የአንድ አቅራቢ ነው፣ እኔ ከዚህ ምንም አልተጠቀምሁም፣ ማስተካከያም አውጥቻለሁ ብሎ መልስ ሰጥቷል።

እንዴት ገባ ለሚለው፣ ጉግል ስለ ትሪያዳ ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ የጻፈው ማብራሪያ ነገሩን ያሳየናል። ርካሽ ስልክ የሚሠራ ድርጅት እንደ ፊት ለይቶ መክፈት ያለ አገልግሎት መጨመር ይፈልጋል፤ ራሱ ለመሥራት ግን አቅም ወይም ፍላጎት የለውም። ስለዚህ የስልኩን ዋና ሶፍትዌር ለሌላ ድርጅት ይልክና ጨምሮበት እንዲመልስ ያደርጋል። ያ ሌላው ድርጅት የተፈለገውን ይጨምራል፤ ያልተፈለገውንም አብሮ ይጨምራል። እንግዲህ ይህን ስልክ የገዛ ሰው ምን ሊጠነቀቅ ይችላል? የማይታወቅ ሊንክ አልነካም፤ የማይታወቅ ፕሮግራም አላወረደም። ስልክ ገዛ፣ ሌላ ምንም አላደረገም። አየር ሰዓቱ ሲያልቅበትም ጥፋቱን በቴሌ ላይ ነው የሚያሳብበው፤ ወይም ልጆቹን ይቆጣል።

ስለዚህ ሰዎች «ጥንቃቄ የራስ ነው» ሲሉ እናደዳለሁ። ለባለ ውዱ ስልክ አምራቹ ነው የሚጠነቀቅለት። ጉግል በ2023 ባወጣው ፒክስል 8 ላይ፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2024 ባወጣው ጋላክሲ ኤስ24 ላይ የሰባት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ፣ ማለትም በሶፍትዌሩ ላይ የተገኘን ቀዳዳ የሚደፍን እድሳት፣ ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚገባ ማንኛውም ስማርት ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ማሻሻያ እንዲያገኝ በሕግ አስገድዷል። እኛ አገር በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ስልክ አንሡና ማሻሻያው መቼ ያበቃል ብላችሁ ሻጩን ጠይቁት። ጥያቄው ራሱ ይገርመዋል።

ሻጭ ካልሁ አይቀር፣ በቤተሰቤ የገጠመንን ላጫውታችሁ።

አክስቴ ስማርት ስልክ የያዙት ልጃቸው ከቤይሩት ገንዘብ ልካላቸው ነው። ዋናው ምክንያት ፊቷን እያዩ እንዲያወሯት ነበር። ሱቅ ሄደው ገዙ፤ ሻጩ ልጅ ጨዋ ነበር። «እናቴ፣ እኔ ሁሉንም አስተካክልልዎታለሁ፣ አይጨነቁ» ብሎ ኢሜይል ከፈተላቸው፣ ኢሞና ቴሌግራም ጫነላቸው፣ መርቀውት ወደ ቤታቸው ገቡ። ሁለት ዓመት ያህል ካገለገላቸው በኋላ ያ ስልክ መስታወቱ ተሰነጠቀና አዲስ ተገዛ። ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ላዘዋውርላቸው ተቀመጥሁ። ኢሜይሉን ስከፍተው ስማቸው አይደለም፤ የሱቁ ስምና ቁጥር ተቀጣጥሎ የተሠራ አድራሻ ነው። የይለፍ ቃሉን አያውቁትም፤ እንዳለም አያውቁም። ረስቻለሁ የሚለውን ስነካ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክ መጨረሻ ላይ ያሉትን አሃዞች አሳየኝ፤ የእርሳቸውም የማናችንም አይደለም።

በዚያ አድራሻ ስር ምን ነበር? ፎቶ በራሱ እየተጫነ እንዲቀመጥ ተደርጎ ስለነበር ሁሉም ነገር ነበር። የባለቤታቸው ተዝካር ዕለት የተነሡት ፎቶ። የቤቱ ካርታ፣ ፊትና ጀርባው። የባንክ ደብተር። የደም ምርመራ ውጤት። ልጃቸው የላከችላቸው የፓስፖርቷ ገጽ። በነጠላ ተሸፋፍነው ታመው የተኙበት፣ ለልጃቸው ብቻ ያሳዩት ፎቶ። ይህ ሁሉ አክስቴ ሊከፍቱት በማይችሉት፣ አንድ የማያውቁት ሰው ግን በፈለገ ሰዓት ሊከፍተው በሚችል ቦታ ተቀምጧል። ልጁ ክፉ ሰው ነው ለማለት አልደፍርም፤ አንድም ቀን ከፍቶት ላያውቅ ይችላል። ለእያንዳንዱ ገዢ የራሱን ኢሜይል ማስከፈት ጊዜ ይፈጃል፣ ወረፋ ይበዛል፤ ስለዚህ በራሱ ቁጥር ይከፍትላቸዋል። ግን እርሱ ሱቁን ቢለቅ፣ ስልኩ ቢሰረቅ፣ ሲም ካርዱ ለሌላ ሰው ቢሸጥ የእነዚያ ሁሉ እናቶች ገመና ማን ዘንድ ይሄዳል?

ለአክስቴ ይህን ሳስረዳቸው «ልጄ፣ እኔ አሮጊት ምን የምደብቀው አለኝ?» አሉኝ። ይህን አባባል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ከተማሩትም። እኔ ግን አልቀበለውም። ሰው የሐኪም ወረቀቱን ደጁ ላይ የማይለጥፈው ወንጀለኛ ስለሆነ አይደለም። እኒሁ አክስቴ እኮ የልጃቸው ደሞዝ ስንት እንደሆነ ለጎረቤት ተናግረው አያውቁም፤ ዓይን ይበዛባታል ብለው። ምን ለማን እንደሚነገር ከእኔ አሳምረው ያውቃሉ። ስልኩ ግን ሳይጠይቃቸው ይናገራል፤ መናገሩን ደግሞ አላዩም።

የስልክ ወሬ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። በ2020 ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደ የሙስሊሞች የሶላት ሰዓትና የቂብላ አቅጣጫ ማሳያ ፕሮግራም የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለሚባል የመረጃ ነጋዴ ድርጅት ሲያቀብል እንደነበር ጋዜጠኞች አጋለጡ። የዚህ ነጋዴ ደንበኞች ውስጥ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩ። ሰው ለአምላኩ ሊሰግድ ስልኩን ሲከፍት የት እንደቆመ እየተመዘገበ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ነገሩ ሲወጣ ውላቸውን አቋረጡ፤ አፕልና ጉግልም የኤክስ-ሞድን ኮድ ከፕሮግራሞች እንዲወጣ አዘዙ። እኔ ግን ይህን ካነበብሁ ወዲህ «መገኛዎን እንድናውቅ ይፈቅዳሉ?» የሚለውን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም። ለአየር ጠባይና ለጸሎት ሰዓት የከተማው ስም ይበቃል። የቆምሁበትን በር ማወቅ ምን ያደርግለታል?

ስለ ስለላ ሳወራ በእኛው ወገን የደረሰውን መዝለል አይሆንልኝም። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ፣ በፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል የተለወጠ ስም የተጠራ፣ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል በደረሰ ሰነድ ተደብቆ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ቀድቷል፣ ቤተሰቡ የጻፈውን ለቅሟል የሚል ነበር ክሱ። በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ። ሰውየው ተሰልሏል ወይስ አልተሰለለም የሚለውን መርምሮ አይደለም። ድርጊቱ በከፊል ከአሜሪካ ውጭ የተፈጸመ ስለሆነ የውጭ መንግሥታትን ያለመከሰስ መብት የሚያነሳው ሕግ አይሸፍነውም ብሎ ነው። በራሱ ሳሎን ተቀምጦ የተሰለለ ሰው የሚከስሰው አጣ። ያ ኮምፒውተር ነበር፤ ዛሬ ያ ሁሉ ነገር ኪሳችን ውስጥ ነው።

ሕግ አጥተን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የምናደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ሲወጣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። የሰው መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ መናገር አለበት፤ ባለመረጃው የማየት፣ የማስተካከልና የማስጠፋት መብት አለው። አሁን የምጠብቀው አዋጁ ከባንክና ከትልልቅ ድርጅቶች አልፎ ወደ ስልክ ገበያው እንዲወርድ ነው። ወደ አገር የሚገባ ስልክ በመለያ ቁጥሩ ቢመዘገብ እንኳ፣ መለያ ቁጥሩ ውስጡ ስላለው ሶፍትዌር የሚነግረን ነገር የለም። ከእያንዳንዱ አዲስ ሞዴል ጥቂቱን ወስዶ ከማን ጋር እንደሚገናኝ መፈተሽ ባለሙያ ይጠይቃል እንጂ ተአምር አይጠይቅም፤ ይህን የሚሠሩ ወጣቶች ደግሞ በየዩኒቨርሲቲያችን አሉ። አስመጪውም የማሻሻያውን ማብቂያ ቀን በካርቶኑ ላይ በአማርኛ ይጻፍልን።

ስለ ቴሌግራም ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ ልመልስ። በተለምዶ የምንጻጻፍበት ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነብበው ሆኖ፣ የተመሰጠረ አይደለም፤ መልእክቱ በኩባንያው ማከማቻ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው ሚስጥራዊ ውይይት የሚባለውን ለብቻው ስትከፍቱ ነው፤ እርሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለቡድን አይሠራም። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ሁሉ በራሱ ያመሰጥራል። ስለዚህ የፓስፖርት ገጽና የባንክ ነገር በየትኛው እንደምትልኩ አስቡበት።

ከመሰናበቴ በፊት ስልክ ለሚሸጡና ለሚጠግኑ ወንድሞችና እህቶች መልእክት አለኝ። በየቀኑ በእጃችሁ የሚያልፈውን የሰው ገመና ብዛት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለደንበኛችሁ ኢሜይል ስትከፍቱ በእርሱ ቁጥር ይሁን፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ ይጻፈው፣ መጻፍ ካልቻለ አብሮት የመጣው ልጁ ይጻፍለት። ለጥገና የመጣን ስልክ መክፈቻ በወረቀት ጽፋችሁ ጀርባው ላይ አትለጥፉ። ይህን አስቀድማችሁ የምትሠሩ ሱቆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወረፋው በዝቶ ሳለ እንዴት እንደምትወጡት ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት ለሌሎቹ አነብላቸዋለሁ። ደህና ሰንብቱ።